የዳሪዮ አርጀንቶ ፊልሞች፦ የትኛውን እንግዛ፣ የትኛውን እንለፍ?

የጣልያናዊውን የአስፈሪ ፊልም ዳይሬክተር የዳሪዮ አርጀንቶን ዝና ሰምታችሁ ፊልሞቹን ለመግዛት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽፋን አይታችሁ እንዳትገዙ። ሁሉም ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፣ ሁሉም ላይ ደም አለ፣ ሁሉም ላይ የደነገጠች ሴት አለች። ውስጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የ1977ቱን ገዝቼ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። የ2012ቱን ገዝቼ እስከ መጨረሻው ያየሁት ለገንዘቤ ስል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ጥፋቱን በሴት ልጁ በአዚያ አርጀንቶ ያላክካል። ልጁን መሪ ተዋናይ ማድረግ ሲጀምር ሥራው ወደቀ ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ጎበዝ የተባለበትን ዘመን አሠራር እንይ።

በዚያን ጊዜ የጣልያን ፊልም ሲቀረጽ ለድምፅ ብዙ አይጨነቁም ነበር። አንዱ ተዋናይ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በጣልያንኛ ይመልሳል። ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል። ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ አርጀንቶ ከተዋናይ የሚፈልገው ዓይን፣ ፊትና አረማመድ ነበር። የሚሰጠው ሚናም ለዚህ የተመቸ ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው አንድ ነገር ያያል፣ ያየው ነገር አይገባውም። ዘ በርድ ዊዝ ዘ ክሪስታል ፕሉሜጅ (1970) ላይ ቶኒ ሙዛንቴ ሮም ውስጥ ያለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው። ዲፕ ሬድ ላይ ዴቪድ ሄሚንግስ እንግሊዛዊ ፒያኒስት ነው። ሱስፒሪያ ላይ ጄሲካ ሃርፐር ጀርመን የመጣች አሜሪካዊት ናት። ንግግራቸው ትንሽ ቢያንከስ ማን ይታዘባቸዋል? እንግዶች ናቸዋ።

ሱስፒሪያ (1977) ወይስ ማዘር ኦፍ ቲርስ (2007)?

ሁለቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። መካከላቸው የ1980ው ኢንፌርኖ አለ። ሱስፒሪያ ሲጀምር ሃርፐር ከአውሮፕላን ማረፊያ ልትወጣ ነው። የመስታወቱ በር ሲከፈት ነፋሱና ጎብሊን የተባለው የሮክ ባንድ ሙዚቃ አብረው ይገባሉ። በሩ ሲዘጋ ጸጥ። እንደገና ሲከፈት እንደገና ሙዚቃው። እስካሁን ማንም አልሞተም፣ ማንም ቢላ አልያዘም፣ እናንተ ግን ፈርታችኋል። ሃርፐር የምታደርገው ነገር ቢኖር በትልልቅ ዓይኖቿ እያየች መራመድ ብቻ ነው።

የዳንስ ትምህርት ቤቱን የበር እጀታዎች ደግሞ ልብ በሉ። ከወትሮው ከፍ ብለው ነው የተሠሩት። አርጀንቶ መጀመሪያ ያሰበው ትንንሽ ልጆችን ሊያሠራ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ፣ ማለትም የገዛ አባቱ ሳልቫቶሬ፣ እሺ አላለውም። ተዋናዮቹን ትልልቅ ሴቶች አደረጋቸው፣ እጀታውን ግን ወደ ላይ ሰቀለው፤ ልጆች ሆነው እንዲታዩ። መምህራኑን እንዲሠሩለት የጠራው ደግሞ በ1940ዎቹ ስመ ጥር የነበሩትን አሊዳ ቫሊንና ጆአን ቤኔትን ነው። የቫሊ ፈገግታ ብቻውን ያስበረግጋል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ማዘር ኦፍ ቲርስ ላይ አዚያ ሮም ውስጥ ያለች የሥነ ጥበብ ባለሙያ ናት። እናቷን ሆና የምትሠራው እውነተኛ እናቷ ዳሪያ ኒኮሎዲ ናት፣ ሱስፒሪያን ከአርጀንቶ ጋር የጻፈችው። ወረቀት ላይ እንዴት አሪፍ ሐሳብ ነው! ግን ኒኮሎዲ በኮምፒውተር የተሠራች ብናኝ መንፈስ ሆና ብቅ ስትል ማልቀሱ ቀርቶ ሳቅ ይመጣል። አዚያ ትሮጣለች፣ ታለቅሳለች፣ የአቅሟን ትሞክራለች። ካሜራው ግን እንደ ቴሌቪዥን ድራማ ቆሞ ያያታል። ያ የሱስፒሪያ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የለም።

አንድ ማሳያ ልጨምር። የእንባ እናት የምትባለው ጠንቋይ ኢንፌርኖ ላይም አለች። አኒያ ፒየሮኒ የምትባል ወጣት ናት የሠራቻት። ሮም ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ድመት ይዛ ተቀምጣ አንዱን ተማሪ ታፈጥበታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው አይሰማም። በቃ፣ ይኸው ነው። በ2007 ያቺው ጠንቋይ ሞራን አቲያስ ሆና መጣች። ራቁቷን ትቆማለች፣ ትጮኻለች፣ እኔ ግን ፊቷ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ግዢ፦ ሱስፒሪያ፣ አቅም ካላችሁ በ4ኬ ታድሶ የወጣውን። ማዘር ኦፍ ቲርስን የሱስፒሪያንና የኢንፌርኖን መጨረሻ ማወቅ ለሚፈልግ ብቻ።

ዲፕ ሬድ (1975) ወይስ ጃሎ (2009)?

ይህ ክርክር የለውም፤ ግን የ«ልጁ ናት ያበላሸችው» ባዮችን አፍ የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው። ጃሎ ላይ አዚያ የለችም። ያለው የኦስካር ተሸላሚው ኤድሪያን ብሮዲ ነው። መርማሪውንም ገዳዩንም ራሱ ይሠራል፤ ለሁለተኛው ሚና ባይረን ዴይድራ ተብሎ ተጽፏል፣ የገዛ ስሙ ፊደላት ተበጥብጠው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ያስቃል። በኋላም ክፍያዬን አላገኘሁም ብሎ ፍርድ ቤት ሄዷል። ትልቅ ስም ቀሽም ፊልምን አያድንም።

ዲፕ ሬድ ላይ ደግሞ ሄሚንግስ የኒኮሎዲ ትንሽዬ መኪና ውስጥ ይገባል። የመኪናዋ ወንበር ተሰብሮ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ያወራሉ። ወንድ ከሴት ይበልጣል ሲል የነበረው ሰውዬ! አርጀንቶ ሁለት ሰዎችን አጣምሮ እንዲህ ማሳቅ እንደሚችል ያየ ሰው ጃሎን ሲያይ ይበሳጫል።

የአዚያን ጉዳይ ልጨርስ። በ1993ቱ ትራውማ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። አሜሪካ ያለች ሮማኒያዊት ልጅ ስለሆነች እንግሊዝኛዋ ቢወላገድም ያምርባታል። ችግሩ የ1996ቱ ዘ ስቴንዳል ሲንድሮም ነው። በ20 ዓመቷ የፖሊስ መርማሪ አደረጋት፤ አይታመንም። ሆኖም ፍሎረንስ ውስጥ ኡፊዚ ሙዚየም የተቀረጸው መክፈቻ፣ ሥዕሎቹ ሲያዞሯትና ስትወድቅ፣ ከኋለኞቹ ሥራዎቹ ሁሉ ምርጡ ነው። ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ ነው። የመድፈር ትዕይንት እንዳለው ግን ቀድማችሁ እወቁ። አባት ልጁን እንዲህ ሲቀርጽ ማየት ይከብዳል፤ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም።

ከ1990 በኋላ ከተሠሩት አንድ ብቻ ግዛ ብባል ስሊፕለስን (2001) እወስዳለሁ። ማክስ ፎን ሲዶ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ከበቀቀኑ ጋር ያወራል፣ እናንተም ትወዱታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያለው የሌሊት ባቡር የድሮውን አርጀንቶ ያስታውሳል። የ2012ቱ ድራኩላ ቶማስ ክሬችማን፣ ሩትገር ሃወርና አዚያ እያሉለትም ግዙፍ ፌንጣ መሳይ ነፍሳት ደረጃ ሲወጣ የሚታይበት ፊልም ነው። ጓደኛ ሰብስባችሁ ለመሳቅ ካልሆነ እለፉት።

ስትገዙ የደቂቃውን ብዛት እዩ። እኔ ፌኖሜና የተባለውን ፊልሙን ያገለገለ ዲስክ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የመጣልኝ ክሪፐርስ ተብሎ ለአሜሪካ የተቆረጠው፣ 83 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ነው። ሙሉው 116 ነው። ከመሪ ተዋናይዋ ከጄኒፈር ኮኔሊ ግማሽ ሰዓት ተዘረፍኩ። ዲፕ ሬድም እንደዚያው፣ ሙሉው 127 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አጭሩ 105።

ሱስፒሪያን በእንግሊዝኛ ክፈቱት፣ የሃርፐር የራሷ ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ሙሉው ዲፕ ሬድ ደግሞ እንግሊዝኛ እያወራ ድንገት ወደ ጣልያንኛ ይዞርባችኋል። ዲስኩ አልተበላሸም። እነዚያ ትዕይንቶች ድሮ ተቆርጠው ስለነበር በእንግሊዝኛ ድምፅ አልገባላቸውም፤ የጽሑፍ ትርጉሙን አብሩና ቀጥሉ።