ከትንንሾቹ ማካዎች የትኛው ለእናንተ ቤት ይሆናል? ሃን፣ ቢጫ አንገት፣ ኢሊገር እና ሲቪየር ጎን ለጎን

ማካው ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ያ ሰማያዊና ቢጫ ላባ ያለው ግዙፉ በቀቀን ነው። እሱ ከራሱ እስከ ጭራው ጫፍ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ለእሱ የሚበቃ ቦታም፣ ጊዜም፣ ጆሮም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ገዢ ወደ ትንንሾቹ ዘመዶቹ ያማትራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። የነዚህ ወፎች ቁመታቸው ነው ያጠረው፤ ጠባያቸው፣ ድምፃቸውና ዕድሜያቸው የማካው ነው። በደንብ የተያዘ ትንሽ ማካው 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ ጫጩት የሚገዛ የ30 ዓመት ሰው ጡረታ ሲወጣም ወፉ አብሮት ሊሆን ይችላል።

ለቤት ሲፈለጉ ስማቸው የሚነሳው አራት ናቸው፦ ሃን፣ ቢጫ አንገት፣ ኢሊገር እና ሲቪየር። ቀይ ሆድ ማካው የሚባልም አለ፤ እሱን ግን ከውድድሩ አስወጥቼዋለሁ። በዱር የሚኖረው በአብዛኛው የአንድ ዘንባባ ዓይነት ፍሬ እየበላ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይወፍራል፣ ቶሎም ይደነግጣል። ለጀማሪ ቀርቶ ልምድ ላለው ሰውም ፈተና ነው።

በዓይን ሲታዩ

ሃን ከማካዎች ሁሉ ትንሹ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ 165 ግራም ገደማ ነው። ርግብ እንኳ በክብደት ትበልጠዋለች። አረንጓዴ ነው፤ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ፣ ክንፉ ትከሻ ላይ ቀይ አለው። ኖብል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ትንሽ ገዘፍ ይላል። ልዩነታቸው ምንቃር ላይ ነው፦ የሃን የላይኛው ምንቃር ጥቁር ሲሆን የኖብል ፈዛዛ ነው። ሻጭ ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራቸው አትገረሙ፤ በአያያዝ ብዙም አይለያዩም።

ቢጫ አንገት 38 ሴንቲ ሜትር፣ 250 ግራም ገደማ ነው። ከማጅራቱ ላይ እንደ ሻርፕ የዞረ ቢጫ መስመር አለው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ኢሊገር ከእሱ በጥቂቱ ይረዝማል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግንባሩና ሆዱ ላይ ቀይ አለው፤ ክንፉ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሲቪየር የአራቱ ትልቅ ነው፦ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከ300 ግራም በላይ። ግንባሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ቆሞ ስታዩት ተራ አረንጓዴ ወፍ ይመስላል። ክንፉን ሲዘረጋ ግን ከሥሩ ያለው ቀይ ብልጭ ይላል።

በአራቱም ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ማወቅ ከፈለጋችሁ በላባ ወይም በደም የሚሠራ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አለ። ለጓደኝነት ከሆነ የምትገዙት ግን ጾታው ብዙም አያሳስባችሁ።

ጩኸቱ

ሰዎች ወፉን በቀለሙ ይመርጣሉ፣ በጩኸቱ ምክንያት ለሻጩ ይመልሳሉ። ስለዚህ እዚህ ጋ ረጋ እንበል።

ማካው የመንጋ ወፍ ነው። በዱር ንጋት ላይ ከእንቅልፉ ሲነሳ ይጮኻል፤ «አለሁ፣ እናንተስ?» እንደማለት ነው። ማታ ወደ ማደሪያው ሲመለስም እንዲሁ። ቤት ውስጥ መንጋው እናንተ ናችሁ። ከክፍሉ ወጥታችሁ ወጥ ቤት ስትገቡ ይጠራችኋል። ይሄን በሥልጠና መቀነስ ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም። ጭራሽ የማይጮህ ማካው ፈልጎ የሚገዛ ሰው ሌላ ወፍ ቢያስብ ይሻለዋል።

ልዩነቱ በድምፁ ዓይነት ነው። የሃን ድምፅ ቀጭንና ስለታም ነው፤ ጆሮ ይወጋል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ቢጫ አንገትና ኢሊገር መሐል ላይ ናቸው፤ ግን ሲደሰቱም ሲደነግጡም ሳያቋርጡ ይደጋግሙታል። ኢሊገር በተለይ እንግዳ ሰው ሲያይ ጥሩ ዘበኛ ነው። ሲቪየር ሻካራና ወፍራም ድምፅ አለው፤ ከትልልቆቹ ማካዎች ጋር ይቀራረባል። ግድግዳ ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ሲቪየርን አልመክርም። ሃንንም ቢሆን ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ አይገዙትም።

ቪዲዮ ከፍቶ መስማት አይበቃም፤ ስልክ ድምፁን ያለዝበዋል። ወፉ ያለበት ቦታ ሂዱ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሂዱ፣ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ። ሻጩ በዚያ ሰዓት አይመቸኝም ካለ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሠራው አንድ ስህተት አለ። ወፉ ሲጮህ ሮጦ ሄዶ መቆጣት። ለወፉ ይሄ ቁጣ አይደለም፤ የጠራው ሰው መጣለት ማለት ነው። በፉጨት ወይም በሚያምር ድምፅ ሲጠራችሁ ቶሎ መልሱለት፣ ሲጮህ ደግሞ ዝም በሉ። ወር ሁለት ወር ይፈጃል፤ ይሠራል ግን።

ጠባያቸውና ምንቃራቸው

ሃን ከአራቱ ለአዲስ ሰው በጣም የሚቀለው ነው። ጫጩት ሳለ ከብዙ ሰው እጅ ከለመደ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ይግባባል። ቃላት ሲይዝ ከነዚህ አራቱ ጥርት ያለ አነጋገር አለው ይባልለታል። ይሄ ግን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቃል የማይወጣው ማካው አለ። ስለማውራቱ ብላችሁ አትግዙ።

ቢጫ አንገት የእኔ ምርጫ ነው፤ ማድላቴን አልደብቅም። አንድ የማውቀው አለ። በአንድ እግሩ ከኬጁ (ከሽቦ ቤቱ) ጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ ተገልብጦ፣ የምግብ ሳህኑን የያዘችውን ብሎን ይፈታል። ብሎኗን በምንቃሩ ጫፍ ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ ከዚያ በዚያ ደረቅ ጣት በመሰለ ምላሱ እየገፋ ያዞራታል። ሲከብደው ቆም ይላል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ባለቤቱን አየት ያደርጋታል። ሳህኑ ዱብ ሲል ጭራውን እያራገበ ይጮኻል። ያንኑ ዕለት ማታ ከባለቤቱ ሹራብ ሥር ገብቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይሄ ነው ቢጫ አንገት፦ ሲጫወት ልኩን የማያውቅ፣ ሲተቃቀፍ ደግሞ ሙጭጭ የሚል። ስራ የሌለው ቢጫ አንገት ግን ጣት ይነክሳል፤ መሰላቸቱ ሲበዛ የራሱን ላባ ይነቅላል።

ኢሊገር ጥንቁቅ ነው። አዲስ ነገር ሲገባ መጀመሪያ ከሩቅ ያጠናዋል። ካመናችሁ በኋላ ቶሎ ይማራል፤ ግን በደስታው ጊዜ ስሜቱ ጫፍ ይደርስና ሳያስበው ይነክሳል። ሲቪየር ደግሞ ደፋር ነው። አንድ ሰው መርጦ ሌላውን የማባረር ዝንባሌው ጠንካራ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሁሉም የቤቱ ሰው ሊያበላውና ሊያጫውተው ይገባል። በንክሻ ኃይልም አራቱን ይመራል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይሄን አስቡበት።

ስለ ንክሻ ካነሳን፣ ምንቃር ለማካው ሦስተኛ እግሩ ነው። ወደ እጃችሁ ሲወጣ መጀመሪያ ጣታችሁን በምንቃሩ ይነካል፤ ቅርንጫፉ ይችለኛል ወይ ብሎ እየፈተሸ ነው። ብዙ ጀማሪ ሊነክሰኝ ነው ብሎ እጁን ይስባል። ወፉም ከዚህ የሚማረው ይሄ ቅርንጫፍ እንደማይታመን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አጥብቆ ይይዛል። እውነተኛ ማስጠንቀቂያውን የምታገኙት ዓይኑ ላይ ነው። ብሌኑ ቶሎ ቶሎ ሲጠብና ሲሰፋ፣ ጭራው እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ፣ የማጅራቱ ላባ ሲቆም እጃችሁን አታቅርቡ።

ሌላም አለ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት ጀምሮ ወፉ ለአቅመ መራባት ሲደርስ ጠባዩ ይቀየራል። ለስላሳው ጫጩት ይቆጣል፣ ቦታ ይከላከላል። ብዙ ማካው ከቤት የሚባረረው በዚህ ጊዜ ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በትዕግሥት የሚያልፍ ነው።

ኬጅ፣ ምግብ፣ አየር

እዚህ ላይ አራቱ ከመጠን በቀር ብዙ አይለያዩም። ለሃን ወርዱም ጎኑም 60፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬጅ መነሻ ነው፤ የሽቦው ክፍተት ከ2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ አለዚያ ጭንቅላቱን ያሾልክና ይጣበቃል። ለሌሎቹ ወርዱን ወደ 90፣ ቁመቱን ወደ 120 አድርጉት። ለሲቪየር ወፍራም ሽቦና የሚቆለፍ በር ያስፈልጋል፤ ተራ መቀርቀሪያ ይከፍታል። የቱም ቢሆን በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ከኬጁ ውጭ መሆን አለበት። ይሄ ጊዜ ከሌላችሁ የየትኛውም ዓይነት ማካው ጊዜ ገና አልደረሰም።

ምግቡ በአብዛኛው ፔሌት (በትንንሽ እንክብል መልክ የተዘጋጀ የወፍ መኖ)፣ ከዚያ አትክልት፣ ትንሽ ፍራፍሬ፣ ለውዝ ደግሞ ለሽልማት ያህል። የሱፍ ፍሬ ብቻ እየበላ ያደገ በቀቀን ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል፣ ጉበቱም ስብ ይጭናል። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና መርዝ ናቸው። ሽንኩርትም ይጎዳዋል።

ከምግቡ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው አየሩን ነው። ምግብ እንዳይጣበቅበት ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም። ሌላ ክፍል ያለ ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማካው የሚገባበት ቤት መጥበሻው ይቀየር። ዕጣንና ሽቶ ያለው ሻማም ከወፉ ይራቅ።

ጫጩት ወይስ ያደገ?

ብዙ ሰው ጫጩት ይፈልጋል። እኔ ግን ያደገና ቤት የቀየረ ወፍንም እዩ እላለሁ። የአራት ዓመት ቢጫ አንገት ድምፁም ጠባዩም የታወቀ ነው፤ የምታዩት የምትወስዱትን ነው። ጫጩት ከመረጣችሁ ራሱን ችሎ መብላት የጀመረ ይሁን። «በስሪንጅ እያበላችሁት ይበልጥ ይለምዳችኋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተመለሱ። ልምድ በሌለው እጅ ጉሮሮው በትኩስ ምግብ ይቃጠላል፣ ወይም ምግቡ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

ወረቀቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመውና በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የማካዎችን ንግድ ይቆጣጠራል። ከአራቱ ኢሊገር በጣም ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያው መዝገብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በብራዚል የነበረው ጫካው ብዙ ተመንጥሯል። ሌሎቹ ሁለተኛው ላይ ናቸው። እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ሳይከፈት ዙሪያውን የገጠመ ከሆነ ገና ጫጩት ሳለ የገባ ነው፤ ይሄም በሰው እጅ የተፈለፈለ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ተቆርጦ የተገጠመ ቀለበት ግን ጥያቄ ያስነሳል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

አፓርታማ ውስጥ ለሚኖርና በቀቀን ይዞ ለማያውቅ፦ ሃን። በቀን ብዙ ጊዜ ቤት ለሚውል፣ ጨዋታ ለሚወድ፣ አሻንጉሊት በየሳምንቱ ሲሰባበር ለማይከፋው፦ ቢጫ አንገት። ከዚህ በፊት በቀቀን አሳድጎ የወፍ አካል ቋንቋ ለሚያነብና እንግዳ ለማይበዛበት ቤት፦ ኢሊገር፣ ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ብቻ። ጎረቤት ለራቀው፣ ትልቅ ማካው ልቡ ውስጥ ኖሮ ቦታ ለጠበበው፣ ንክሻን ሳይቆጣ ለሚችል ሰው፦ ሲቪየር። በሁለት መካከል ካመነታችሁ ትንሹን ውሰዱ።

ከመግዛታችሁ በፊት የወፍ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሳዩት፤ ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፈውን የሲታኮሲስ በሽታም ይመርምርላችሁ። ከኬጁ ጋር ደግሞ በግራም የምትለካ ሚዛን ግዙ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ላባው ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ስታዩት ከታመመ ሰንብቷል። ሚዛኗ ግን ቀድማ ትናገራለች። ሁልጊዜ ጠዋት ከቁርስ በፊት መዝኑትና ጻፉት። ለ165 ግራሙ ሃን 16 ግራም መቀነስ ከሰውነቱ አንድ አሥረኛው መሄዱ ነው። ይሄን ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ ያኑ ዕለት ሐኪሙ ጋ ውሰዱት።