ኢንክስቲች፦ ስፌቱን ይቆጥርላችኋል፣ ዋጋውን ግን አይጠራላችሁም

የማሽን ጥልፍ በትዕዛዝ የሚሠራ ሰው ሁሉ የምታደክመው አንድ ጥያቄ አለች። "ይቺን ሎጎ ቲሸርት ላይ በስንት ትሠሩልኛላችሁ?" ሎጎዋ ብዥ ያለች የስልክ ፎቶ ናት። መጠኗ አይታወቅም፣ ጨርቁ አይታወቅም፣ ብዛቱ ደግሞ "ለጊዜው አንድ፣ ካማረ ብዙ እናዛለን" ነው። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ባለሙያው አፉ ላይ የመጣለትን ይጠራል። ከዚያ ሥራው ሲጀመር ስድስት ቀለም፣ ሦስት ዓይነት ፊደል፣ ከታች በኩል ደግሞ በጉንዳን ልክ የተጻፈ መፈክር ይወጣበታል።

ለዚህ ችግር ይረዳል ብዬ የምጠቀምበት ኢንክስቲች የሚባል ፕሮግራም ነው። ኢንክስኬፕ ከሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ጋር ተጣብቆ ይሠራል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይጫናሉ። እዚህ ላይ የማወራው ዲዛይን እንዴት እንደሚወጣበት አይደለም። ዋጋ ለመተመን ምን ያህል ያዋጣል የሚለውን ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጥሩ ነው፣ በተለይ ለጀማሪ። ግን የሚሰጣችሁን የስፌት ቁጥር ወስዳችሁ እንዳለ በሺህ ስፌት ሂሳብ ካባዛችሁት፣ ወይ እናንተ ትከስራላችሁ ወይ ደንበኛው ይበደላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሎጎውን በመስመር ሥዕል ትሠሩታላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የስፌት ዓይነት ትመርጣላችሁ። ሰፊ ቦታ ሙሌት፣ ፊደልና ጠርዝ ሳቲን (ከዳር ዳር እየተመላለሰ የሚሞላ ስፌት)፣ ቀጭን መስመር ነጠላ ስፌት ይሆናል። ከዚያ መርፌው እንዴት እንደሚሄድ ማሽኑ ሳይነካ ስክሪን ላይ ያሳያችኋል፤ ስንት ስፌት፣ ስንት ቀለም፣ ስንት ዝላይ (መርፌው ሳይሰፋ ከቦታ ቦታ የሚያልፍበት) እንዳለው ታያላችሁ። ሌላ ሰው የሠራውን የዲኤስቲ ወይም የፒኢኤስ ፋይልም ይከፍታል፣ እነዚህ የጥልፍ ማሽን የሚያነባቸው የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ፋይል ከውጭ የምታሠሩ ከሆነ ይቺ ብቻዋ ትበቃለች፣ የተነገራችሁን የስፌት ብዛት ራሳችሁ ታረጋግጣላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚህ ሙያ በብዛት የተለመደው አተማመን በሺህ ስፌት ነው። ለዚህን ያህል ሺህ ስፌት ይህን ያህል፣ አለቀ። ለሰሚው ፍትሐዊ ይመስላል፣ ቁጥር ነዋ። ግን ቁጥሩ ከየት መጣ? ኢንክስቲችን እንዳወረዳችሁት ምንም ሳትነኩ ከከፈታችሁት፣ በሙሌት ስፌት ላይ በረድፍና በረድፍ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.25 ሚሊሜትር ነው። በተለመደው በ40 ቁጥር ክር ለሽያጭ የሚሠራ ጥልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ልዩነቱ ለዓይን ምንም ነው፣ ቁጥሩ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። በ0.25 ሲሠራ 16,000 ስፌት የሚወስድ ሙሌት፣ በ0.4 ሲሆን 10,000 ገደማ ነው። ያው ሎጎ፣ ያው መጠን፣ ያው ቀለም! በሺህ ስፌት የሚያስከፍል ቤት ያቺን አንድ ሳጥን ካላስተካከለ ደንበኛውን 6 ሺህ ስፌት በከንቱ አስከፈለው ማለት ነው። ደንበኛው ደግሞ ለትርፉ ገንዘብ የሚያገኘው የተሻለ ጥልፍ አይደለም፣ ደረቱ ላይ እንደ ካርቶን የሚደርቅ ጥልፍ ነው እንጂ። ጨርቁ ስስ ከሆነ ዙሪያውን ይጨማደዳል፣ መርፌም ይሰብራል።

ማጠበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። ነጭ ክር ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆን ከስር ያለው ቀለም ብቅ እንዳይል ትንሽ ጠበቅ ይደረጋል። እዚያም ቢሆን ግን አስቀድሞ ከስር መሠረት ስፌት መጣል ይሻላል።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ስፌቱን የሚቆጥረውም፣ የስፌቱን ብዛት የሚወስነውም፣ በስፌቱ የሚያስከፍለውም አንድ ሰው ነው። እና ደንበኛው "14 ሺህ ስፌት ነው" ሲባል ራሱን ነቅንቆ ከመክፈል ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ኢንክስቲች በዚህ በኩል የሚመሰገንበት ነገር አለ። የሚታተም የፒዲኤፍ ወረቀት ያወጣል። ለደንበኛው የሚሰጥ ገጽ አለው፣ ማሽኑ ላይ ለሚሠራው ሰው የሚሆን ሌላ ገጽም አለው። መጠኑ፣ የስፌቱ ብዛት፣ ቀለሞቹ በተራቸው፣ ከዚያም የሚፈጀው ጊዜ ግምት ይወጣል። የቀለም ዝርዝሩ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዲኤስቲ ፋይል ቀለም አይዝም፣ ክር የት ላይ እንደሚቀየር እንጂ ምን ቀለም እንደሆነ አይናገርም። ሰማያዊው ቀይ ሆኖ የተጠለፈ ቲሸርት ማን ይከፍልበታል?

ለዋጋ ግን እኔ የምፈልጋት የጊዜ ግምቷን ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የማሽናችሁን ፍጥነት፣ ቀለም ለመቀየር ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ፣ ክር ለመቁረጥ ስንት እንደሚወስድ፣ በላዩ ላይ የሚደመር ጊዜም መጻፍ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ለራሳችሁ አትዋሹ። የማሽኑ ካታሎግ በደቂቃ 1,000 ስፌት ስላለ 1,000 ብላችሁ አትጻፉ። ማሽኑ ሲነሳና ክር ሲቆርጥ፣ ረዥም ስፌት ሲመጣበትም፣ ይቀዘቅዛል። ኮፍያ ላይና በሚያብረቀርቀው የብረት ቀለም ክር ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ፣ አለዚያ ክሩ እየተበጠሰ ቀኑን ይበላዋል። የተለመደ ሥራ ሲሠራ ሰዓት ይዛችሁ ለኩት፣ ያገኛችሁትን አማካይ አስገቡ።

ለምን ደቂቃ ደቂቃ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። 8,000 ስፌት ያለው ባለ 5 ቀለም ሎጎ እንውሰድ። በደቂቃ 800 በሚሰፋ ማሽን ስፌቱ 10 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ባለ አንድ መርፌ ከሆነ ግን አራት ጊዜ ቆሞ ክር ይቀየርለታል፤ አንዱን በአንድ ደቂቃ ብታስቡት 4 ደቂቃ። ጨርቁን ከስሩ ከሚደረገው ማጠንከሪያ ጋር ፍሬም ላይ ቀጥ አድርጎ መወጠር 3 ደቂቃ በሉት። አውርዶ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ፣ ከስር ያለውን ማጠንከሪያ መቅደድ፣ መተኮስ፣ ሌላ 3 ደቂቃ። ተደምሮ 20 ደቂቃ ሆነ። ስፌቱ ግማሹ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ደንበኛ መጣ፣ አንድ ስም ብቻ በአንድ ቀለም፣ 1,500 ስፌት። ስፌቱ 2 ደቂቃ አይሞላም። መወጠሩና ማጽዳቱ ግን ያው 6 ደቂቃ ነው። በሺህ ስፌት ሂሳብ ስሙ ከሎጎው ከ5 እጥፍ በላይ ይረክሳል። በደቂቃ ሂሳብ 8 ለ 20 ነው፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ብቻ። ስም በመጻፍ ቀኑን ሙሉ ሲባክኑ ውለው ማታ ኪሳቸው ባዶ የሚሆን ሰዎች ጠባቸው ከገበያው ጋር ሳይሆን ከዚህ ሂሳብ ጋር ነው። ለዚህ ነው ለአንድ ፍሬም ከዚህ በታች አልሠራም የሚል መነሻ ዋጋ የሚያስፈልገው። የስፌቱ ብዛት 200ም ይሁን 2,000 እዚያ መነሻ ላይ ነው የሚቆመው።

የብዛት ቅናሽም ከዚሁ ይወጣል። ባለ 6 ራስ ማሽን ስድስት ቲሸርት በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ ስለዚህ የማሽኑ ጊዜ ለስድስት ይካፈላል፣ ዋጋውም በእውነት ይወርዳል። አንድ ፍሬ ብቻ ከመጣ ግን አምስቱ ራስ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። መወጠሩ ደግሞ አይካፈልም፣ 50 ቲሸርት 50 ጊዜ ይወጠራል። ስለዚህ "ብዙ ስለሆነ በግማሽ አድርግልኝ" ለሚል ሰው ወለሉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ በታች የሚወርድ ቤት ካያችሁ ወይ ሂሳቡን አልሠራም፣ ወይ ማጠንከሪያውን ቀንሷል።

የደቂቃው ዋጋ ስንት ይሁን? ይሄ የፕሮግራሙ ሥራ አይደለም። የወር ወጪያችሁን ሁሉ ደምሩ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ የሰው ደመወዝ፣ የራሳችሁንም ጭምር (ይሄን የሚረሳው ብዙ ነው)፣ የማሽኑን ጥገናና እርጅና። ያንን ማሽኑ ገንዘብ በሚከፈልበት ሥራ ላይ ለዋለባቸው ሰዓታት ብቻ አካፍሉት። ሱቁ 8 ሰዓት ተከፍቶ የሚከፈልበት ሥራ 5 ሰዓት ብቻ ከሆነ በ5 ነው የሚካፈለው። በ8 ካካፈላችሁ የሦስቱ ሰዓት ወጪ ከኪሳችሁ ይወጣል።

ክርን በተመለከተ ብዙ አልጨቃጨቅም። ሺህ ስፌት ከላይ በኩል 5 ወይም 6 ሜትር ገደማ ክር ይወስዳል። ባለ 5,000 ሜትር አንድ ጥቅል ከላይ ያልነውን ሎጎ ከመቶ ጊዜ በላይ ይሠራል። ስለዚህ "ክር ስለተወደደ ዋጋ እጥፍ አደረግን" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ፈገግ በሉ። ዋጋ የሚያስጨምረው የክሩ መወደድ ሳይሆን መበጠሱ ነው። ርካሽ ክር በየደቂቃው ሲበጠስ የሚበላው ደቂቃ ራሱ ጥሩ ክር ይገዛ ነበር።

ዲዛይኑን ለማሽን ማዘጋጀት (ዲጂታይዝ ማድረግ የሚባለው) ለብቻው መታየት አለበት። አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ደንበኛው ከሦስት ወር በኋላ ሃያ ሲጨምር ድጋሚ ዲጂታይዝ ተብሎ መጠየቁ ዓይን ያወጣ ነገር ነው። በሌላ በኩል ይህን ክፍያ ጨርሶ ሳይጠይቁ በአንድ ቲሸርት ዋጋ ውስጥ ደብቆ መስጠትም አያዋጣም፣ ሁለተኛው ትዕዛዝ ካልመጣ ልፋቱ ቀረ። በዚህ ላይ ኢንክስቲች አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ዋናው ፋይል ሥዕል ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ 10 ሳንቲሜትር የነበረውን 7 አድርጉት ሲባል ስፌቱን እንደገና ያሰላዋል። ሙሌቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የዲኤስቲ ፋይልን እንዲሁ ማሳነስ ግን ስፌቱን እዚያው ያጭቀዋል። ደንበኛው "በጣም አነሰ፣ በግማሽ ይሁንልኝ" ማለቱ አይቀርም። እውነት ለመናገር የስፌቱን ብቻ ቀንሱለት፣ መወጠሩ አላነሰም።

እንከኖቹስ? አሉ። ፎቶ አስገብቶ ጥልፍ አውጣ የምትሉት ዓይነት አይደለም። ሥዕሉን ራሳችሁ ማጥራት አለባችሁ፣ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል። ዲዛይኑ ከከበደ ማስተካከያ በነካችሁ ቁጥር እንደገና እያሰላ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል። ክር የሚቆረጥበትን ቦታም እናንተ ካልነገራችሁት ብዙውን ጊዜ ዝላይ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ይሄ ዋጋን ይነካል፣ ፋይሉ ውስጥ ያልተጻፈ መቁረጥ የጊዜ ግምቱ ውስጥም አይገባም። ማሽናችሁ ራሱ የማይቆርጥ ከሆነ ደግሞ ሥራው በመቀስ ነው፣ ያንን በእጅ ደምሩ።

ምንም ፕሮግራም የማያሰላው ነገር የደንበኛው ዕቃ ነው። የራሱን ውድ ጃኬት ይዞ የመጣ ሰው ሲበላሽ ማን ይተካል? ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፣ ወይም ስጋቱን ዋጋው ላይ ጨምሩ። ቆዳ ከሆነ እኔ ብዙ ጊዜ አልቀበልም፣ መርፌ የበሳው ቆዳ ተመልሶ አይደፈንም። ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ ፊደል ለሚፈልግም ቀጭን ክርና ቀጭን መርፌ፣ ዝግ ያለ ፍጥነትም እንደሚያስፈልግ፣ ለዚያም ተጨማሪ እንደሚከፈል በግልጽ እነግረዋለሁ። አብዛኛው ሰው ፊደሉን ማተለቅ ይመርጣል።

"ማሽን አይደል እንዴ የሚሠራው፣ ምኑ ነው የሚወደደው?" ለሚሉት ደንበኞች ያቺን የታተመች ወረቀት አሳያቸዋለሁ፣ ከጎኗ የመወጠሪያውንና የማጽጃውን ደቂቃ በእስክሪብቶ ጽፌ። ተከራክሮ የሚሄድ አለ፣ ይሂድ። የሚቀረው ግን ለሚቀጥለው ሥራ ሲመጣ ክርክሩ ያጥራል።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 7። በቀን ብዙ የተለያየ ሎጎ የሚገባበት ትልቅ ቤት የሚከፈልበትን ፕሮግራም ቢገዛ ይሻለዋል፣ ፍጥነቱ ያካክስለታል። አንድ ወይም ሁለት ማሽን ይዞ ለሚሠራ ሰው ግን ይሄ በቂ ነው። ስትጭኑት መጀመሪያ የረድፉን ክፍተት አስተካክሉ፣ ቀጥሎ የቀለም መቀየሪያውን ሰከንድ።