ሚያታ፣ ጂአር86 ወይስ ኬይማን? በዲሲ አካባቢ ለሚነዳ ሰው

ስፖርት መኪና ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የት ነው የምትነዱት ብዬ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግድየለሽነት መንዳት) ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል። ያ ሁሉ ሰው ቅጠሉ ሲቀላ የሚጎርፍበት የቨርጂኒያ ተራራ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ደግሞ ገደቡ 35 ማይል ነው። እንግዲህ በ35 ማይልም ፊትን የሚያበራ መኪና ነው የምንፈልገው።

በዚህ ማዝዳ ሚያታን የሚያህል የለም። ክብደቷ ወደ 1,060 ኪሎ ነው፤ መሪውን ነካ ስታደርጉት ትታዘዛለች። ከ2019 ሞዴል ጀምሮ 181 ፈረስ ጉልበት አላት፤ ከዚያ በፊት 155 ነበር። ያገለገለ ከፈለጋችሁ ከ2019 ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ምክንያቱ ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኑዋል ካምቢዮ ችግር እንደነበረበት ይታወቃል። ማርሽ ስትቀይሩ ከጮኸ ወይም ከተያዘ ጥላችሁ ሂዱ።

ችግሯ ቦታ ነው። ወንበሩ ሁለት፣ የዕቃ መጫኛው 130 ሊትር ብቻ፣ ስኮርታ ጎማ የለም። እናታችሁ ከአዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዘው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢወርዱ፣ ወይ እናት ወይ ሻንጣ ነው። ቁመተ ረጅም ሰው ደግሞ ሳይቀመጥባት እንዳይገዛ።

ቶዮታ ጂአር86 ይህን በከፊል ይፈታል። ከኋላ ሁለት ወንበር አለው። ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም፤ ቢቀመጥም ኋላ ይወቅሳችኋል። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን አራት ጎማ ይጭናል፤ የእማማ ሻንጣ አያቅተውም። ሞተሩ የሱባሩ 2.4 ሊትር ቦክሰር (ፒስተኖቹ ወደ ጎን የተኙ) ነው፤ 228 ፈረስ ጉልበት። እህቱ ሱባሩ ቢአርዜድ ከዚያው ከሱባሩ ፋብሪካ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቃችሁ የረከሰውን ውሰዱ።

ወጪው ላይ እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አዲስ ሲገዙ ሚያታም ጂአር86ም ወደ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ናቸው፤ ልዩነቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ጂአር86 ፕሪሚየም ቤንዚን ግድ ይላል፤ ማዝዳም ለሚያታ ይመክረዋል። የጂአር86 ከፍ ያለው ሞዴል የሚመጣው በበጋ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቅና መንገድ መያዝ ይተዋል። የዲሲን ጥር የምታውቁ ይገባችኋል። ስለዚህ ሁለተኛ ጎማ ከነቸርኬው፣ እሱንም ማስቀመጫ ቦታ አስቡ። የአፓርታማ ነዋሪ ይህንን ሳያሰላ ነው የሚገዛው። ቦክሰር ሞተር ደግሞ ካንዴላው በጎን በኩል ስለሚገባ ለመካኒክ እጅ አይመችም፤ የሥራ ሰዓቱ ይረዝማል። አንዳንድ ባለቤቶች የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ የማሸጊያ ሲሊኮን ቁርጥራጭ አግኝተዋል፤ ይህ የዘይቱን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሬስ ትራክ ላይ አዘውትሮ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሥራ መመላለሻ ብዙም አያስጨንቅም። አገልግሎቱን ግን በጊዜው አድርጉ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ፤ ዋስትና ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ሦስተኛው ፖርሽ 718 ኬይማን ነው። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ መኪናው መሐል ላይ። መነሻው ሞዴል 300 ፈረስ ጉልበት አለው። የሚገርመው ለሻንጣ ከሚያታ በጣም ይሻላል፤ ፊትም ኋላም መጫኛ አለው። አነዳዱን መንቀፍ አይቻልም። ያገለገለውን በአዲስ ካምሪ ዋጋ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ግን አንድ ነገር ይረሳል፦ መኪናው ቢረክስም የፍሬኑ ሸራ፣ ዲስኩና የሠራተኛው ሰዓት የፖርሽ ዋጋ ናቸው። ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየት የለም። ዘይት መለኪያ ዘንግም የለውም፤ በስክሪን ነው የሚታየው። ሰፈር ያለው ጎበዝ መካኒካችሁ ሁሉ ላይነካው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ፖርሽ የሚያውቅ ጋራዥ ይፈትሽላችሁ። ማኑዋል ከሆነ ሞተሩ ከልኩ በላይ ተሽከርክሮ እንደሆነ ከኮምፒውተሩ ያንብብላችሁ።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር እንደምትከፍሉ አትርሱ። ሜሪላንድ ይህ የለም። ለኬይማን ገዢ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ትራክ መሄድ የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ቅርብ ነው፤ የተለመደው ኢንሹራንስ ግን እዚያ የደረሰ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

«ጠግቤ ስነዳት ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚልም አይጠፋም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በዚህ ስሌት አትግዙ።

ፍርዴን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ ሚያታ፣ ያውም ማኑዋል። 495 አውራ ጎዳና ላይ በየቀኑ በትራፊክ የምትቆሙ ከሆነ ግን ፍሪሲዮን ስትረግጡ ጉልበታችሁ ያማርራል፤ ያኔ አውቶማቲክ አያሳፍርም። ያላችሁ አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ጂአር86። ኬይማን ከተገዛ በኋላ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ባንክ ለሚተርፈው ሰው ብቻ ነው። ካልተረፈ ሚያታዋን ገዝታችሁ በልዩነቱ ጥሩ ጎማ ግዙ።