ባቲ ላይ ሰባት ወር የሠራው የዶሮ ቤቴ ማቀዝቀዣ

60 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ቤታቸው የቆርቆሮ ክዳን ነው። የባቲን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ዶሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ መኖም ትቀንሳለች። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዝታ ስለምታስወጣ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። አምና ግንቦትን የከረምኩት የተሰነጠቀ እንቁላል ስለቅም ነው።

ዘንድሮ የካቲት ላይ በራሴ እጅ ማቀዝቀዣ ሠራሁ። አርዱይኖ ኡኖ የሚባል በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ፣ ዲኤችቲ22 የሚባል ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ሴንሰር፣ በቦርዱ ትእዛዝ ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ አንድ ሪሌይ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ቬንትሌተርና የሶላር ባትሪ። ቬንትሌተሮቹ አየሩን ወደ ውጭ ይስባሉ። በወዲያኛው መስኮት በኩል የሚገባው አየር ደግሞ ውሃ በሚንጠባጠብበት ጆንያ ውስጥ ያልፋል። ቬንትሌተር ብቻውን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ከጆንያው የሚተነው ውሃ ነው።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ጣሪያው ሥር ሰቀልኩት። ስህተት ነበር። እሱ የሚለካው የቆርቆሮውን ግለት ስለሆነ ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ባትሪዬን ጨረሰው። ወደ ዶሮዎቹ ቁመት አወረድኩት። ሌላው ችግር ማብሪያውንም ማጥፊያውንም 30 ላይ ማድረጌ ነበር። ሪሌዩ ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል። አሁን 30 ላይ ይነሳል፣ 27 ላይ ይቆማል።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን የሚያዝያው ሰኞ ነው። ገበያ ላይ ነበርኩ። ጎረቤቴ እማማ ደወሉ። «ልጄ፣ ዶሮዎችህ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ እኮ፣ ቶሎ ና» አሉኝ። ስደርስ ሁለቱ ሞተዋል። የቦርዱ የኃይል ሽቦ ተነቅሎ ነበር። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቬንትሌተሩ ደህና ነው፣ የሚያዘው ግን የለም። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ገለበጥኩት። ሪሌይ ኃይል ሳያገኝም የሚያገናኝ ጎን አለው። ቬንትሌተሩን እዚያ አሰርኩት። አሁን ቦርዱ ኃይል የሚሰጠው ቬንትሌተሩን ለማቆም ነው። ቦርዱ ከሞተ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ሌሊት ሪሌዩ ከባትሪው ጥቂት ይበላል፣ ይብላ። ፕሮግራሙም ላይ ሴንሰሩ ንባብ ካጣ ቬንትሌተሩ እንዲነሳ ጨመርኩ። ሴንሰር ገዝቶ መሰካት ቀላል ነው። ሲበላሽ ምን ይሆናል የሚለውን አስቀድሞ ማሰብ ግን ዶሮ ያድናል።

ዲኤችቲ22ም እስከ ሰኔ ነው የቆየው። የዶሮ ቤት አቧራ አይጣል ነው። የእርጥበት ንባቡ 99.9 ላይ ቆሞ ቀረ። በምትኩ ዲኤስ18ቢ20 የሚባል የሙቀት ሴንሰር ገባ፤ ጫፉ በብረት የተሸፈነ፣ ውሃ የማያስገባ ነው። እርጥበት አይለካም፣ እኔም አላስፈለገኝም። አጠገቡ ተራ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ፤ ሁለቱን ጠዋት ጠዋት አስተያያለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ጆንያው ዋጋ የለውም። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፣ ቤቱ ብቻ ይረጥባል። ቧንቧውን ዘጋሁትና ቬንትሌተሩን ብቻ ተውኩ። በደረቁ ወራት ግን ጆንያው ለውጥ አምጥቷል፤ ዘንድሮ ግንቦት የተሰነጠቀ እንቁላል የማገኘው አልፎ አልፎ ነበር።

አሁንም ሰኞ ሰኞ ገበያ እሄዳለሁ። ከመውጣቴ በፊት የቦርዱን ሽቦ ነቅዬ ቬንትሌተሩ መነሳቱን አያለሁ። ከዚያ መልሼ ሰክቼ በሩን እዘጋለሁ።