ስልክ ላልደወለችልኝ መምህርት

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እጀምራለሁ፤ ትንሽ እንደሄድኩ እንባዬ ይመጣና እተወዋለሁ። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ። ነሐሴ እየደረሰ ነው፣ ምዝገባ ሊጀመር ነው። እንደ እኔ ልጇን ይዛ ከበር በር የምትንከራተት እናት ካለች ይህ ለእሷ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። ብዙ አያወራም። ድምፅ ይረብሸዋል። የመኪና ታርጋ ግን አንዴ ካየ አይረሳም። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር ይመላለሳል፤ ፍቅሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካየ ይቆማል፣ ቁጥሩን በጣቱ ይነካል፣ ከዚያ እንቀጥላለን። የአሥር ደቂቃ መንገድ አርባ ደቂቃ ይፈጅብናል። ለምጄዋለሁ።

አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አራት ቦታ ሞክረናል። የማንንም ስም አልጠራም። ግን ዝም ብዬ ባልፈው የዛሬው ምስጋናዬ አይገባችሁም።

የመጀመሪያው መዋለ ሕፃናት ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ አስጠሩኝና «ሌሎች ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል» አሉኝ። ምን አደረገ? አልተማታ፣ አልነከሰ። ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ ይኸው ነው። ቦርሳውን በር ላይ ያቀበለኝ ጥበቃው ነው። እሱ እንኳ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ሁለተኛው «እንቀበለዋለን፤ ግን አብራው የምትቀመጥ ሰው ራስሽ ቅጠሪ» አለኝ። ያኔ ቢሮ እሠራ ነበርና ከደሞዜ ግማሹን ከፍዬ አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። መንፈቁ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ እያለቀሰች ነገረችኝ። ለካ ሁለቱንም ክፍል አያስገቧቸውም ነበር። ደረጃው ላይ ነው የሚውሉት። ስድስት ወር ሙሉ ለደረጃ ከፈልኩ።

ሦስተኛው ላይ አንድ ቀን ሳልናገር ሄድኩ። ልጄን ያገኘሁት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። የተሰበሩ ዴስኮች ተቆልለዋል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አቧራው ላይ በጣቱ ቁጥር ይጽፋል። ነጠላ ጫማዬ ላይ አቧራው ሲቦን አስታውሳለሁ። «እዚህ ሲሆን ይረጋጋል» አሉኝ። አዎ ይረጋጋል። ማንም የማይጮህበት ቦታ እኮ ነው። ግን ትምህርት ቤት የላክሁት መጋዘን እንዲውል ነው?

አራተኛውን አላነሳውም።

ከሁሉም በላይ ያደቀቀኝ ስልኩ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አይሞላም፣ ይደወላል። «ነይና ውሰጂው።» ስብሰባ ላይ ብሆን፣ ታምሜ ብተኛ፣ «ነይና ውሰጂው።» አለቃዬ መጀመሪያ አዘኑልኝ፣ ቀጥሎ ተቆጡኝ፣ በመጨረሻ እኔው ለቀቅኩ። አሁን ቤቴ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ሆዴ ይላወስ ነበር። የእህቴም ስልክ ይሁን የባንክ መልእክት ልዩነት አልነበረውም። እንዲህ የሆነች እናት ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰፈሩም አልተወኝም። ታክሲ ውስጥ ሲጮህ «አሳዳጊ የበደለው» ብለውኛል። እኔ አሳዳጊው ተቀምጬ እየሰማሁ! ቡዳ ነው ያሉ አሉ፣ የአያቱ እርግማን ነው ያሉም አሉ። ጸበል ወስጄዋለሁ፤ ዛሬም እወስደዋለሁ፤ በእምነቴ አላፍርም። ልጄ የተረገመ ነው ሲባል ግን አልቀበልም። አልተረገመም።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከዘሚ የኑስ ነው። በቴሌቪዥን ስለ ራሷ ልጅ ስታወራ አየኋት። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ልጅ የምታወራ መሰለኝ። ለልጇ የሚሆን ቦታ ብታጣ ራሷ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2002። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይደብቅ ነበር እንጂ አደባባይ አያወራም። በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ ነፍሷን ይማረው። ከእሷ በኋላ በወላጆች የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም መጣ። ግን ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ማዕከላቱ ጥቂት። በር ተዘግቶበት ቤት የሚውለው ስንት ነው!

ወደ መምህርቷ ልምጣ። ስሟን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ጉለሌ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። እንጀራ የማስረክብላት ባለሱቅ ናት የነገረችኝ። «እዚያ አካቶ ትምህርት አለ፤ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሌሎቹ ጋር ያስተምራሉ» አለችኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል ሃምሳ ምናምን ተማሪ! በግል ያልቻሉትን እዚያ እንዴት ይችሉታል ብዬ ሳምንት ሙሉ አልሄድኩም።

ስሄድም እንደ ለመድኩት ነው የሄድኩት። አንገቴን ደፍቼ፣ ገና በሩ ላይ መለመን ጀመርኩ። አስቸጋሪ አይደለም፣ ሽንት ቤት ራሱ ይሄዳል፣ ካስቸገራችሁ ወዲያው መጥቼ እወስደዋለሁ… አላስጨረሰችኝም። «እናት፣ እዚህ ለምነሽ አይደለም የምታስገቢው። መብቱ ነው» አለችኝ። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. እንዳጸደቀች፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት እንደሚናገር ነገረችኝ። ማታ የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበልኝ። በሚኖርበት አካባቢ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል የመማር መብት አለው ይላል። ያን ሁሉ ዓመት መብቱን ስለምን ኖርኩ።

ከዚያ እሱ ፊት በርከክ አለች። ስሙን አልጠየቀችውም። እጇ ላይ የነበረውን ወረቀት አሳየችው። የመኪና ታርጋ ስላለበት ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ተቀበላት። እንዴት አወቀች? ለካ የምዝገባ ቅጹ ላይ «ልጁ ምን ይወዳል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ መልሱን ባለሱቋ አስቀድማ ነግራት ኖሯል። ከዚያ በፊት ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ትምህርት ቤት የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከክፍሉ መስኮት ሥር ቆሜ ዋልኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ስልኩ ሳይደወል እዚያው ልገኝ ብዬ ነው። መምህርቷ ወንበር አወጣችልኝ። ምንም አላለችም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት መጣችና አጠገቤ ቆመች። «እናት፣ ዛሬ ቤትሽ ሂጂ» አለችኝ። ልትመልሰው ነው ብዬ እግሬ ተንቀጠቀጠ። «እሱ እዚሁ ይውላል። አንቺ ሂጂና ቡናሽን አፍልተሽ ጠጪ። አልደውልልሽም።»

አልደውልልሽም አለችኝ። እናንተ፣ ይህ ቃል ለእኔ ምን እንደሆነ እንዴት ልንገራችሁ? ቤቴ ገባሁ። ቡናውን ቆላሁ። አፈላሁ። አንደኛውን ሲኒ ስጠጣ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ሁለተኛው ላይ ረከቦቱ አጠገብ አኖርኩት። ሦስተኛውን ጠጥቼ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ስልኩ አልጮኸም። ከስንት ዓመት በኋላ ቀን ላይ ተኛሁ!

ምን እንዳደረገችለት ሁሉን አላውቅም። አንዳንዱን በስሙ ነግራኛለች፤ የሙያ ቃል ስለሆነ አልያዝኩትም። ያየሁትን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ለእኛም ያስደነግጣል። እሷ ልጄ መጮህ የሚጀምረው ከደወሉ በፊት መሆኑን አየች። ሰዓቱን ያውቀዋላ! ሲጠብቀው ነው የሚጨነቀው። እናቱ ሆኜ እኔ ያላየሁትን እሷ በአንድ ሳምንት አየችው። ከዚያ ካርቶን ቆርጣ ሥዕሎች ለጠፈችበት፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ደወል፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ይገለብጠዋል። የደወሉ ሥዕል ሲደርስ ከጥበቃው ጋር ወደ ዛፉ ይሄዳል። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ቆሞ ጆሮውን ይዞ ያይ ነበር። ከጥቅምት በኋላ የጥበቃውን ካፖርት ጫፍ ይዞ ይቆማል። አሁን አንዳንድ ቀን ብረቱን ራሱ ይይዛል። ራሱ ሲመታው አይጮህም።

ሒሳብ ደግሞ በታርጋ ነው ያስጀመረችው። ቁጥሮቹን በሳጥን ውስጥ ትጽፋለች፤ ኮድ 2ን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ኮድ 3ን በአረንጓዴ። «ከዚህ መኪና ላይ ይሄን ቀንስ» ትለዋለች። ይቀንሳል። ምገባ ላይ ወጥ እንጀራውን ከነካው አይበላም ነበር፤ ለመጋቢ እናቶቹ ነግራ ወጡን ለብቻ በክዳን ያደርጉለታል። እነዚያን እናቶችም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያ ሁሉ ልጅ ተሰልፎ እያለ የእሱን ክዳን አይረሱም።

ለክፍሉ ልጆች ያለቻቸውንም አልረሳም። አንዱ ልጅ «ለምንድን ነው ጆሮውን የሚይዘው?» ብሎ ጠየቃት። «የሱ ጆሮ ከእኛ ጆሮ በላይ ይሰማል» አለችው። አለቀ። ከዚያ በኋላ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደወሉ ሲቃረብ ዴስኩን ሁለቴ ቀስ አድርጋ ትነካለታለች። ማንም አላዘዛትም። የዚያችን ልጅ እናት ባገኛት እግሯን እስማለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ደውላለች፣ ሚያዝያ ውስጥ። ከጠዋቱ አራት ተኩል ነው። ምጣዱ ላይ እንጀራ ነበር፤ ቁጥሯን ሳይ እጄ ደረቀ። «አይዞሽ፣ ደህና ነው፤ ደስ ስላለኝ ነው» አለች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ታርጋ ጽፏል። እሷ የማታውቀው ቁጥር ነው። «ይሄ የማን መኪና ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሃምሳ ልጅ ፊት፣ በድምፁ፣ «የአባዬ» አለ። እንጀራው አረረ። ባለቤቴ ያን ቀን ሚሌ አካባቢ ነበር፤ ደውዬ ስነግረው መኪናውን ዳር አቁሞ ዝም አለ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን አትደብቁ። በሰፈራችሁ አካቶ ትምህርት ያለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለ ጠይቁ። «የልዩ ፍላጎት መምህር አላችሁ? የድጋፍ መስጫ ክፍል አላችሁ?» በሉ። ካሉ ልጁን ትምህርት ሳይጀመር ውሰዱት፤ ግቢው ባዶ ሲሆን ይየው፣ ክፍሉን ይየው፣ ደወሉን ይየው። ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስፈራው ቤታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። አንገታችሁን አትድፉ። እኔ አራት ዓመት ደፍቼ ምንም አላገኘሁም።

መምህርትዬ፣ ይህን ማንበብሽ አይቀርም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ያደረግሽውን በልጆችሽ ይክፈልሽ። ያን ቀን ቤትሽ ሂጂ ብለሽ ያስተኛሽኝን እንቅልፍ መቼም አልረሳውም። ደሞዝሽ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ካርቶኑንም እስክሪብቶውንም ከኪስሽ እንደምትገዢ አውቃለሁ። ለዚህ ዓመት ካርቶን ባለሱቋና እኔ አጠራቅመናል፤ ሰኞ አመጣዋለሁ፣ እምቢ እንዳትይኝ።

ትምህርት ቤቱን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ምጣድ ላይ ስለሆንኩ ማታ ነው የምመልሰው፤ ግን ለሁላችሁም እመልሳለሁ።