ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የግል ጠበቃ ወይስ የጥብቅና ድርጅት? ለከተማው ዳር ነዋሪዎች

"ጥሩ ጠበቃ ታውቃለህ?" የሚል ሰው በሳምንት አንዴ አላጣም። ሰፈራችን የአዲስ አበባ ዳር ነው። ቤቱም አዲስ፣ ጎረቤቱም አዲስ፣ ጣጣው ግን ብዙ። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጉዳዩ የት ነው የሚታየው?

ከአያት ትንሽ አለፍ ስትሉ ለገጣፎ ናችሁ፣ ከጀሞ ወረድ ስትሉ ፉሪ። ታክሲው ያው ታክሲ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ሌላ ነው። ለገጣፎንና ፉሪን በያዘው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ክርክር ከተነሳበት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የቤተሰብ ሕጉ እንኳን ይለያል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን ኦሮሚያ የራሱ አለው። ስለዚህ መሀል ከተማ ያለ ስመ ጥር ጠበቃ ጋ ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የየትኛው ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት። "ፈቃድህን አሳየኝ" ማለት ነውር የለውም።

ፍርድ ቤት በር ላይ በሸራ ጥላ ሥር ኮምፒውተርና ፕሪንተር ዘርግተው የሚጽፉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ርካሽም ፈጣንም ናቸው። ጸብ ለሌለበት ጉዳይ እነሱ ይበቃሉ። ለምሳሌ ወራሾች ተስማምተው የወራሽነት ማረጋገጫ ሲፈልጉ (አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያየው የከተማው ፍርድ ቤት ነው) ለጠበቃ ብዙ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ግን ወረቀቱን ጽፈው ይሰጧችኋል እንጂ ችሎት አብረዋችሁ አይቆሙም።

ኑዛዜ ግን አደራ፣ እዚያ አታስጽፉ። አክስቴ በዚህ ተጎድታለች። ኑዛዜዋ ለአራት ታጥፎ ዳዊቷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ቆንጆ ተደርጎ ተተይቧል፣ ቀን አለው፣ የእሷም አሻራ አለበት፣ ከታች ደግሞ ሦስት የምስክር ፊርማ። ሦስት! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ዋጋ የለውም ይላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ስላልነበረ ልጆቿ ዓመታት በክስ ተጓተቱ፣ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አይነጋገሩም። ለኑዛዜ ጠበቃ ጋ የምትከፍሉት ብር ከሁሉም የሚያዋጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለፍቺና ለልጆች ጉዳይ የግል ጠበቃ እመርጣለሁ። ሰማንያ ሲቀደድ የቤት ገመና ይወጣል፣ ያንን ለአንድ ሰው መንገር ይቀላል። በስምምነት የምትለያዩ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ጠበቃው የሚያስፈልጋችሁ በዋናነት የልጆቹንና የንብረቱን ስምምነት በደንብ ለመጻፍ ነው። ከተጣላችሁ ግን "ለሁለታችሁም እኔ እቆማለሁ" የሚል ጠበቃ ይቅርባችሁ። የግል ጠበቃ ችግሩ አንድ ሰው መሆኑ ነው። እኔ ራሴ በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት የጠበቃዬ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ብሎኝ ብቻዬን ችሎት ቆሜ አውቃለሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ተለዋጭ ቀጠሮ ለመንኩ።

የጥብቅና ድርጅት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በድርጅት ደረጃ መሥራት የተፈቀደው በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣው በግሉ ነበር። አንዱ ቢታመም ሌላው መዝገቡን ይዞ ይቀርባል። ቤት፣ ውርስና የንግድ ድርሻ የተጠላለፈበት ጉዳይ ካላችሁ፣ ወይም ወራሾቹ ግማሾቹ ውጭ አገር ሆነው በውክልና የሚከራከሩ ከሆነ፣ ውድ ቢሆንም ድርጅት ይሻላል። ብቻ መጀመሪያ ቀን ያነጋገራችሁ ትልቁ ጠበቃ ራሱ ይቆም እንደሆነ ወይስ ገና ጀማሪውን ይልክ እንደሆነ ቁርጡን እወቁ።

ማንንም ብትይዙ የክፍያው ውል በጽሑፍ ይሁን። በቁርጥ ነው በፐርሰንት? ይግባኝ ይጨምራል? የዳኝነት ክፍያውን ማን ይሸፍናል? ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ለክርክር ውክልና ስትሰጡ ደግሞ "መሸጥ፣ መለወጥ" የሚል ቃል ካለበት ሳትፈርሙ አስወጡት። ለመከራከር ይህ አያስፈልግም።

ብር ከሌላችሁም ቤት አትቀመጡ። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋ ሂዱ፣ በነፃ ያማክራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቆችም ለአቅመ ደካማ በነፃ የመሥራት ግዴታ አለባቸው፣ ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ። ስትሄዱ ካርታውን፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬቱን፣ ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ ኮፒውን ከነዋናው ያዙ።