ግቢያችን ድረስ የመጣው ቴአትር

ባለፈው ወር የጀሞ ኮንዶሚኒየማችን እድር አንድ የወጣቶች የቴአትር ቡድን ቀጥሮ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ያነጋገርኳቸውም የከፈልኳቸውም እኔ ነኝ። ከሌሎች ግቢዎች "እንዴት ነበሩ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

ዋጋቸው 12,000 ብር ነው። ከ80 ቤት 150፣ 150 ብር አዋጣን። ሰባት ልጆች ናቸው የመጡት። ይዘው የመጡት አንድ ከበሮ፣ አንድ ማሲንቆና አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ነው። መድረክ ሥሩልን አላሉም፤ መኪና ማቆሚያው ላይ በኖራ መስመር አሰመሩና በቃ። በ9 ሰዓት ተቀጣጥረን 10 ከሩብ ላይ ጀመሩ። የድምፅ ማጉያቸው ደካማ ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ግማሹን አልሰማም።

ጉዳዩ የቤት ሠራተኞች ነው። ኮሚቴው ውስጥ "ስለ ጽዳት ይሁን" ያሉ ነበሩ። እኔ ይሄኛው ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በየቤታችን ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ደላላ ያመጣታል፣ ስሟን ይነግረናል፣ የአባቷን ስም የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ልጅቷ ከጎጃም ትመጣለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች፤ ማታ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን አይቶ እስኪጨርስ ከተጠቀለለው ፍራሽ አጠገብ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች፤ የምትተኛው እዚያው ሳሎን ነዋ። ያን ጊዜ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ከበደኝ። እኛም ቤት እንደዚሁ ነው። እኛ ድራማ ስናይ ልጅቷ ኩሽና ውስጥ እንደምትጠብቀን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ድስት ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ማሲንቆው ቀስ ብሎ ይከተላታል። ድሮ ነገሥታት የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እኛ ግን በየኩሽናችን የሚንጎራጎረውን ሰምተን አናውቅም።

ይሄ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ዋናው ነገር የሚመጣው ከጨረሱ በኋላ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደገና ይጫወቱታል። በዚህኛው ዙር ከተመልካቹ ማንም ሰው "ቁም!" ብሎ መግባት፣ የልጅቷን ቦታ ወስዶ ሌላ ነገር መሞከር ይችላል። ፎረም ቴአትር ይሉታል፤ ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦዋል የጀመረው ነው።

እኔ ተማሪ እያለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ድራማችን ሁሌም በሞት ነበር የሚያልቀው። ልብሱ ላይ አጥንት ሥሎ የሚወጣ ልጅ ነበረን። ሰው በጣም ይፈራ ነበር። ከዚያ ግን የታመመ ጎረቤቱን ሸሸ እንጂ አልጠየቀም። ሰፈራችን ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄኛው ቴአትር ማንንም አላስፈራራም። ጠየቀን እንጂ።

መጀመሪያ "ቁም!" ያሉት አንድ ትልቅ እናት ናቸው። የልጅቷን ሳይሆን የአሠሪዋን ቦታ ወሰዱና "እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት" አሉ። የቡድኑ አወያይ በትህትና "እማማ፣ ልጅዎ የት ነው የምትተኛው?" አላቸው። ግቢው ጸጥ አለ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ቆይተው "እውነትህን ነው ልጄ" ብለው ተቀመጡ።

አወያዩ ከሕጉም ጠቀሰ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንዲህ ያለውን የቤት ቅጥር አይሸፍንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አሠሪ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብና የዕረፍት ሰዓት እንዲያስብ ያዛል። ይሄን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ልጅ ሕፃን እንዳዘለች ወረደች። ሕፃኑን ለጓደኛዋ ሰጥታ መስመሩ ውስጥ ገባች። "እትዬ፣ ደመወዜን በእጄ ይስጡኝ። ደላላው አይቀበልልኝ" አለች። ድምፅ ማጉያ አልያዘችም፤ ሁላችንም ግን ሰማናት። አሠሪዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቡድኑን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። አጨበጨብን፣ ፍራሻቸውን ጠቀለሉ፣ ሄዱ። ልጅቷ ግን ማታ የምትገባው እዚያው ቤት ነው። አሠሪዋ ሁለት ቀን አላነጋገረቻትም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ደላላው ሌላ ሠራተኛ ሊያመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። "በሰው ፊት አዋረደችኝ" አለች አሠሪዋ፣ እያለቀሰች። የእሷም ሕመም እውነት ነው። ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥተን ተነጋገርን። አሁን ልጅቷ ፋይዳ መታወቂያ አውጥታ በስሟ የባንክ ደብተር ከፍታለች። ግን በአጋጣሚ ባልሰማስ ኖሮ? ሰው አፉን እንዲከፍት የጋበዘ ማግስቱን ተመልሶ ደህንነቱን መጠየቅ አለበት።

ይሄንኑ ለቡድኑ መሪ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም፤ በወረቀት ጻፈችው።

በሚቀጥለው ወር ለአጎራባቹ ብሎክ ይመጣሉ። በ9 ሰዓት በትክክል ሊጀምሩ፣ የተሻለ ድምፅ ማጉያ ሊከራዩ፣ ከትርኢቱ በኋላም አንዲት ሴት አባላቸው ለሁለት ቀን ተመልሳ በየቤቱ ልትጠይቅ ተስማምተናል። ዋጋው 14,000 ብር ሆኗል። ይገባቸዋል።